የኦፋ አፈር በጠልሀ ትሪ ላይ

አፍናን ለትምህርት ቤት ፕሮጀክቷ የመረጠችው እንግሊዝ አገር ያለውን የንጉሥ ኦፋን የአፈር አጥር ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት ኦፋ ከዌልስ ነገሥታት ጋር አልስማማ ቢል፣ በድንበሩ ላይ ረጅም ቦይ አስቆፍሮ አፈሩን ከጎኑ አስከመረ ይባላል። ሰው ሲኮራረፍ ምን የማያደርገው አለ!

አባቷ አብዱልናስር ከታክሲ ሥራው በተሰደደባት በአውሮራ ከተማ ወዳለው አፓርታማው ሲመለስ፣ ልጅቱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ሰፊ ትሪ ላይ ጭቃ ስትከምር አገኛት።

«ባባ፣ ቦዩ በየትኛው ሳይድ ነው የሚሆነው?»

«በጠላት በኩል ነዋ! የቆፈረ ሰው አፈሩን ወደ ራሱ ነው የሚከምረው» አላት ሳያስብ።

«ሃው ዱ ዩ ኖው?»

እንዴት አያውቅ! ልጅ ሳለ፣ ኮልፌ፣ አባቱና አጎቱ በውርስ ግቢ ተጣልተው አባቱ ግቢውን ለሁለት የሚከፍል ቦይ ቆፍሮ ነበር። አፈሩ በእነሱ በኩል ተከመረ፤ ክረምት ሲገባ ውሃው የሚተኛው አጎቱ ደጅ ላይ ነበር። እሱና የአጎቱ ልጅ ጠልሀ ግን ያንኑ ክምር ወንበር አድርገውት ቆሎ ሲቆረጥሙ ይውሉ ነበር። በረመዳን እናቶቻቸው ሳንቡሳ የሞላ ሳህን ከክምሩ በላይ ይቀባበላሉ፤ ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ኩርፊያው የአባቶቻቸው ነበር፤ ክምሩ ግን የእነሱ። ያ ክምር እንዴት እንደናፈቀው!

ትሪውን ልብ ያለው ያኔ ነው። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ አበባ አለው። የጠልሀ ትሪ!

እዚያው አቅራቢያ ቶርንተን ከተማ የሚኖረው ጠልሀ አምና በረመዳን ጣፋጭ ሞልቶ የላከው ነበር። ትሪው ሳይመለስ ጠልሀ ልጁን ራኒያን ሲድር ሳይጠራው ቀረ፤ አብዱልናስርም አኮረፈ። ባዶውን መመለስ ነውር፣ ሞልቶ መመለስ ሽንፈት ሆኖበት፣ ትሪው ካቢኔት አናት ላይ ከረመ።

«ማን ንኪ አለሽ?» ሊል አፉን ከፈተ። አባቱን፣ አካፋውን እንደያዘ፣ በዓይነ ሕሊናው አየውና አፈረ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቦዩን በጣቱ አስተካከለላት።

ለዒድ ፕሮጀክቱ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ነበር።

«ባባ፣ አፈሩን ልድፋው?»

«ተይው። የሰው ትሪ ባዶውን አይመለስም» አለና መኪናውን አስነሳ።

በሩን የከፈተው ጠልሀ ራሱ ነው። አብዱልናስርን አየ፤ አፍናን የታቀፈችውን ትሪም አየ። ክምሩ ከልጅቱ ወገን፣ ቦዩ ከእሱ ወገን ነበር።

«አንተ ሰው፣ ዛሬም ቦዩን በእኛ በኩል?» አለ ጠልሀ።

አብዱልናስር ትሪውን ከልጁ ተቀብሎ፣ አፈሩ እንዳይፈስ ቀስ አድርጎ አዞረው። ቦዩ ወደ ራሱ ሆነ።

ጠልሀ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«በል ግባ» አለው፤ «ውሃ ሳይተኛብህ።»