የወልደጻድቅ ቅጠል

ሩዋይዳ ሚፍታ የስኳር በሽታ መድኃኒት እየፈለገች አልነበረም። የፈለገችው አንድ ሽማግሌ ማዋረድ ነው።

አባቷ አቶ ሚፍታ አሰላ ላይ የታወቁ የስንዴ ነጋዴ ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ኢንሱሊን እየተወጉ ኖረዋል። አምና ወልደጻድቅ ከሚባል የዲክሲስ መድኃኒት አዋቂ ቅጠል አምጥተው መጠጣት ጀመሩ። መርፌውን እርግፍ አድርገው ተዉት። በሃያኛው ቀን ስኳራቸው ጣራ ነክቶ ሆስፒታል ገቡ፤ በእግራቸው አልወጡም። ሩዋይዳ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ናትና፣ ልቅሶው ሳይበርድ ቅጠሉ ይመርመር ብላ አመለከተች። ሲፈቀድላት ደስ አላት። ከንቱነቱ በወረቀት ይረጋገጣል፣ ሰውዬው በሕግ ይጠየቃል፣ እሷም እንቅልፍ ታገኛለች።

መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ለሰው የሚሰጠው እንዳይለይ ከሌላ ጋር ወቅጦ ነው። ወልደጻድቅ ግን ደጁ ድረስ ሄዳ ስትጠይቀው ቅርንጫፉን እንዳለ ወረወረላት። ፈትኚው አላት፤ ተቀመጪ ግን አላላትም።

ቅጠሉን በጥላ አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በአልኮል ዘፍዝፋ አጠለለችው። ስኳር እንዲይዛቸው ተብሎ የተወጉ አይጦችን ለሦስት ከፈለች፦ ለአንዱ ቡድን ውኃ ብቻ፣ ለሌላው የታወቀውን የስኳር ኪኒን፣ ለሦስተኛው የሽማግሌውን ቅጠል ጭማቂ ሰጠች። ከጅራታቸው ጫፍ ጠብታ ደም እየወሰደች ለካች። ውኃ የጠጡት ባሉበት ቀሩ፤ ጭማቂውን የጠጡት ግን ኪኒኑን እንደወሰዱት ሁሉ ስኳራቸው ወረደ። መለኪያውን ቀየረች፣ ሙከራውን ከመጀመሪያው ደገመች፤ አሁንም ወረደ። አይጦቹ ከሽማግሌው ጋር የተማከሩባት መሰላት፤ በንዴት ጓንቷን አውልቃ ወለሉ ላይ ጣለችው።

አንድ ነገር ግን ተረፈላት። ቅጠሉ ስኳር ቀነሰ እንጂ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችለውን ሰው የሚያኖር አልነበረም። እንግዲያው ጥፋቱ መርፌውን ማስጣሉ ነው። ይህንን ይዛ ወደ ዲክሲስ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

በወልደጻድቅ ደጅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ሕመምተኞች ተራ ይጠብቃሉ። ሩዋይዳ ለማንም ሰላምታ አልሰጠችም። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው አንተ አለችው።

«ቅጠልህ ይሠራል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «መርፌ ግን አይተካም። አባቴን መርፌውን አስጥለህ ገደልከው።»

ሽማግሌው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ» አላት። «መርፌህን እንዳትተው ብዬ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? ልጄ የተማረች ናት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰድክ ይገድልሃል፣ ወይ የእኔን መርፌ ወይ የእሱን ቅጠል ምረጥ ብላኛለች አለኝ። እሷ ያለችውን አላፈርስም ብሎ ቅጠሉን መርጦ ሄደ።»

ውሸታም ልትለው አፏን ከፈተች። ግን ብላለች። አንድ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ቅጠሉን ብርጭቆ ውስጥ አየችና በገነች። ሁለቱ ተደራርበው ስኳሩን ከልክ በላይ እንዳያወርዱት መፍራቷም እውነት ነው። አባቷ የእሷን መርፌ እንደሚመርጡ ቅንጣት አልተጠራጠረችም።

«በይ ሂጂ» አላት ወልደጻድቅ። «ሕመምተኛ እየጠበቀኝ ነው።»

ልትሄድ ስትዞር አግዳሚው ጫፍ ላይ የነበሩ አንዲት እናት የቀሚሷን እጅጌ ያዟት። የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል።

«ልጄ፣ እኔም መርፌውንም ቅጠሉንም ነው የምወስደው» አሏት። «የትኛውን ልተው?»

ሩዋይዳ ስንት እንደሚወጉ፣ መቼ እንደሚበሉ፣ ስኳራቸው ስንት እንደሆነ መጀመሪያ መጠየቅ አለባት፤ ለዚያ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ለአባቷ ግን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ባንድ ትንፋሽ ነበር መልሳ የሄደችው።