አትራክታ በቀለም የጻፈችው

በዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ልጆች ከሽማግሌ የሰሙትን የመንደር ታሪክ በደብተር ጽፈው ወደ ዋና ከተማው ደብሊን እንዲልኩ ታዘዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የልጅ ልጄ አትራክታ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ለሥራ እንግሊዝ አገር ከሄደች ወዲህ የማሳድጋት እኔ ነኝ። የኪንታሮት መድኃኒት ነገርኳት፤ ስለ ቅዱሱ ምንጭ ነገርኳት፤ ድንቹ የበሰበሰበትን ክፉ ዘመን ሳይቀር ነገርኳት። አልበቃትም። ሳሏ ሳይለቃት በዝናብ ቀጥቃጩ ባርትሊ ዘንድ ሄደች።

እግሯ ርሶ ተመለሰች።

«ጫማሽን አውልቂ! ደረትሽን ብርድ መቶሽ ልትሞቺብኝ ነው?»

«ቆይ አያቴ፣ መጀመሪያ ስሚኝ!» ብላ ደብተሯን ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

«በመንደራችን በክሎንግላስ ጊልዴይ የምትባል ባልቴት ነበረች። የመሬት ኪራይ ስላልከፈለች በኅዳር ወር የባለርስቱ ሰዎች የቤቷን ግድግዳ በግንድ ደርምሰው ከነልጆቿ መንገድ ላይ ጣሏት። የመንደሩ ሰው እርሻዋን ላይነካ ተማማለ። ብርዱ ሲያልፍ ግን አንድ ጎረቤቷ ከባለርስቱ ተከራይቶ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ባለሱቁ አልሸጠለትም፤ የባርትሊ አባትም ለፈረሱ ሰኮና ብረት አልመታለትም።»

ያ ጎረቤት አባቴ ማላኪ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዱቄት ሊገዛ ሄዶ ባዶ ጆንያ ታቅፎ ሲመለስ አይቻለሁ። አሁን የተቀመጥንበት መሬት ያው መሬት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በልጆቼ ፊት ማንም አንስቶት አያውቅም ነበር።

«ስሙንስ አልነገረሽም?» አልኳት።

«ጠየቅኩት። ‹አያትሽን ጠይቂያቸው፤ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም› ብሎ ሳቀ። ፈረሳቸውን ይዘው የመጡትም ሁሉ አብረው ሳቁ። ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ባርትሊ ድሮስ መቼ ጤና አለው!»

«እና ማን ነው? መምህራችን ፍጻሜ የሌለው ታሪክ አይላክም ብለዋል። ልጆች ነበሩት?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። አትራክታ ብዕሯን ቀለም ነክራ ትጠብቀኛለች። ነገ ልጆቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተኮልኩለው ሊሳለቁባት ሲጠብቋት ታየኝ።

«ስሙን ረስቼዋለሁ» አልኩ። «አሜሪካ ሄዶ እዚያው ሞተ። ዘርም አልተወ።»

«እሰይ! የእጁን አገኘ!» አለችና አቀርቅራ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ጻፈችው።

አባቴ የሞተው እዚሁ፣ ጓዳው ውስጥ ባለው አልጋ ላይ፣ እጄን ይዞ ነው። ቀለሙ እንዳይጨማለቅባት መምጠጫ ወረቀቱን የያዝኩላት እኔው ነኝ።