የጋሽ እንየው ቁጥር

በአማተር ሬዲዮ ውድድር ላይ የሚዋሽ ሰው ውሸታም አይባልም። በሁለት ቀን በግል ሬዲዮው ከብዙ ጣቢያ ጋር የተገናኘ ስለሚያሸንፍ፣ ባሕር ማዶ ያለው ሰው በጭንቅ ቢሰማም እንኳ ሁሉም ለሁሉም «አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ» ብሎ ይልካል፤ ምልክትህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል ማለት ነው። ከዚያ የየአካባቢያቸውን ቁጥር ተለዋውጠው ይለያያሉ። እኔም ለምጄዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ሪም ደሴት ላይ ሊፍት ስጠግን እከርምና፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ ከአል ዐይን ወዲያ በረሃ ላይ ከክለቤ ጋር ድንኳን ተክዬ በሞርስ፣ በዚያ በነጥብና በሰረዝ ቋንቋ፣ ስዋሽ እውላለሁ።

ሞርስ ያስተማሩኝ ጋሽ እንየው ግን ይህን ልማድ ይጠየፉታል። የድሮ የቴሌ ሰው ናቸው። «ያልሰማኸውን ሰማሁ አትበል» እያሉ ጣቴን በእርሳስ ይመቱኝ ነበር። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ።

«ምትኩ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እዚህ ክለብ ያሉት ልጆች አፍረው እውነቱን አይነግሩኝም። ቅዳሜ ከክለቡ ጣቢያ እጠራሃለሁ። የምልከው የማይነበብ ከሆነ ንገረኝ፣ በክብሬ አቆማለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው። አባቴን የሚያህል ሰው ይህችን ታህል ቢለምነኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳኑ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ጄኔሬተሩ ሁለቴ ስለጠፋብን ከተፎካካሪዎቻችን ወደ ኋላ ቀርተናል። የክለባችን ሰብሳቢ ሪያድ ከኋላዬ ቆሞ «ያላ፣ ያላ!» እያለ ያቻኩለኛል። ጋሽ እንየው የጠሩኝ በዚህ መሃል ነው። እጃቸውን ወዲያው አወቅሁት፤ ይደናቀፋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። እንደ ልማዴ አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ ላክሁላቸው። ኮምፒውተሩም ጣቢያው የኢትዮጵያ መሆኑን አይቶ የአካባቢውን ቁጥር፣ ሠላሳ ሰባትን፣ ራሱ ሞላልኝ። ከእሳቸው ግን የሰማሁት የመጀመሪያዋን፣ ሦስትን ብቻ ነው። ሰባቷ አልመጣችም።

«ይድገሙ» ማለት ዐሥር ሰከንድ አይፈጅም። ግን ከጃፓንም ከሩሲያም ሌሎች ተሰልፈው ይጠብቁኛል። «ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ የሚልከውን ቁልፍ ተጫንኩና አለፍኩ።

ሰኞ ደወልኩላቸው። ድፍረቴ!

«ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ምንም አልሆነም!»

«ምን ቁጥር ላክሁልህ?»

«ሠላሳ ሰባት።»



«ሰባትን አልላክሁም፤ ከሦስት በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይድገሙ እስክትለኝ እየጠበቅሁህ ነበር።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት የለቀምኩት እኔው ነኝ፤ በሪያድም በኮምፒውተሩም ላላክክ አልችልም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም።

«ግዴለም፤ እውነቱን የሚነግረኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ለመሆኑ አንደኛ ወጣችሁ?»

«ወጣን፣ ጋሼ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» ብለውኝ ስልኩን ዘጉት።