ጣሳው ያልተነሣለት መንገደኛ

«ሳንቲሙን ወርውረህ ካላየኸው፣ መንገደኛው በሁለቱም መንገድ ይሄዳል።»
«ሁለት ቁርስ ይበላላ!»
«ሳቅ አንተ! በየእርምጃው ሳንቲሙና ሰውየው ይቆላለፋሉ። አንዱን ሳትነካ ሌላውን አትፈታም።»

ጎረምሳ ሳለሁ መተማ ሻይ ቤት፣ ሁለት እንግዶች መኪና እየጠበቁ ሲያወሩ የሰማሁት ነው። ኳንተም ስለሚሉት ነገር ኋላ ከሬዲዮ የሰማሁትን ቀላቅዬበት ይሆናል። «ማን ይፈታቸዋል?» ሲባል «ያየ» ያለም መሰለኝ።

ዘንድሮ በሰሊጥ አጨዳ የጎረቤቴ የእማማ ዝናሽ ልጅ ደረበ ለሥራ ሲወጣ ሳንቲም ጣለ፤ አንበሳው ከወጣ ወደ አብደራፊ እርሻ፣ ካልሆነ ወደ ገለጉ። ሳንቲሙ ዞሮ ሳይረጋ እናቱ ጣሳ ደፉበት።

«የእግዜርን መንገድ በሳንቲም?»

ልጁ ተቆጥቶ፣ ሳያይ ወጣ። ጣሳውንም ማንም አልነካው።

ከዚያ ወዲህ በቀትር፣ ዶሮ እንኳ ጥላ ሲሻ፣ ጣሳው ውስጥ ሳንቲም ሲሽከረከር እንሰማለን። እማማ ያማትባሉ፤ እኔ አባታችን ሆይ እላለሁ።

አጨዳው ሲያልቅ ከሰፈራችን ልጆች ፈረደ የሚባለው ከአብደራፊ፣ እንግዳው የሚባለው ከገለጉ ተመለሱ።

«ደረበን በኪዳነ ምሕረት ለት አየሁት፤ ደህና ነው፣ ሰሊጥ ይጭናል» አለ ፈረደ።

«ያን ለትማ ገለጉ ወባ ጥሎት እኔ ነኝ ውሃ ያጠጣሁት!» አለ እንግዳው።

«ውሃ ነው አረቄ?»

«አረቄውስ ያንተ ነው!» አለ እንግዳው። «ቆይ... ጥላው አልሳሳብህም?»

ፈረደ አልሳቀም። «እንደ ጢስ ነበር። ቀትር ላይም የሚጠራው ያለ ይመስል ጆሮውን ያቆማል።»

ወደ ሁለቱም ቦታ ሰው ላክሁ። «አሁን እዚህ ነበር» ከማለት በቀር መልስ አልመጣም።

«እማማ፣ ጣሳውን ያንሡት» አልኋቸው።

«የታመመው ቢሆንስ የሚቀርልኝ? ተወኝ፤ ሁለቱም ልጆቼ ናቸው።»

«የታመመ ይታከማል። እንዲህ ከቆየ ግን የቱንም አያገኙም።»

እምቢ አሉ። እኔም ትቻቸው ሰነበትሁ፤ ሰው አይገፋም።

ትናንት በቀትር ሳንቲሙ አልተሽከረከረም፤ እግሩን እንደሚጎትት ሰው መሬቱን ፋቀው፣ ቆመ፣ ደግሞ ፋቀው። እማማ ተንበርክከው ጆሯቸውን ጣሳው ላይ ጣሉ።

«ደክሞታል» አሉ። «ልጄ መቀመጫ አጥቷል።»

ነጠላቸውን አጣፉ።

«እሺ፣ እኔው አነሣዋለሁ። አንተ መኪና ጥራ፤ ሳንቲሙ ባሳየኝ መንገድ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»