በጠርዙ ላይ ያሉት ሥዕሎች

«ቅዳሜ ቲያትሩ አይከፈትም» አለ የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ለቅሶው ቤት የቡና ሲኒውን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አዘጋጁ ካረፈ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። በምትኩ የመታሰቢያ ምሽት እናደርግለታለን። ንግግር ይደረጋል፣ ከሠራው ፊልምም ቆንጠር ተደርጎ ይታያል።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው የመብራት ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ሰው ሁሉ «ፊውዝ» ነው የሚለው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። ከሟቹ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ያሳለፈ ሰው ነው፤ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «የጥበብ አባት» እያለ ሲያሞግስ ግን እሱ ሦስቱንም ቀን ሆዱ ውስጥ የቋጠረውን ቂም ሲያገላብጥ ነበር የዋለው።

«ቅዳሜ ካለፈስ?» አለች የሟች ሚስት።

«አዳራሹን ሌላ ቡድን ይረከበዋል፣ እትዬ። ለከርሞ እናያለን።»

«ለከርሞ» ማለት በዚህ ሰው አፍ «በጭራሽ» ማለት እንደሆነ ፊውዝ አሳምሮ ያውቃል።

«ምን አገዳችሁ? ተዋንያኑ እንደሁ አጥንተው ጨርሰዋል» አለ ከጥጉ።

መልሱን የሰጠችው ረዳት አዘጋጇ ናት። ከቦርሳዋ የቲያትሩን ድርሰት አውጥታ ጉልበቱ ላይ ዘረጋችለት። «ችግሩ ይሄ ነው፣ ጋሼ። የመብራቱን ትእዛዝ በቃላት አልጻፈውም። ጠርዙ ሁሉ ሥዕል ነው። አንዱንም መፍታት አቃተን።»

አየው። አንዱ ገጽ ላይ ግማሽ ጨረቃ፣ ሌላው ላይ የተጨፈነ ዓይን፣ ቀጥሎ ገርበብ ያለ በር። የፊውዝ ፊት ቅጭም አለ።

እሱና ሟቹ ጎረምሶች ሳሉ ነበር። ፊውዝ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ፊደል በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቲያትራቸው ልምምድ ላይ ወረቀቱን አንብቦ እስኪጨርስ፣ ንጉሡ በድቅድቅ ጨለማ መሞቱ ቀርቶ በጠራራ ፀሐይ ሞተ። በማግስቱ አዘጋጁ ጠርዙ በሥዕል የተሞላ ድርሰት አመጣለት። ዋናው ተዋናይ ከትከሻው በላይ አሾልቆ አየና «ጉድ ነው! ለፊውዝ የሕፃናት መጽሐፍ ተገዛለት!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዘጋጁም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊውዝ አንድም መብራት አሳስቶ አያውቅም፤ ያ ሳቅ ግን ከጆሮው አልወጣም።

ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ተመነደገ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ገብቶ ሦስት ዓመት ድራማ አዘጋጀ፤ ፊውዝን «የትምህርት ማስረጃ የለውም» ብለው በር ላይ መለሱት። ቀጥሎ ፊልም ሠራ፣ ፊውዝን ጠራው። ለአንዲት ደመና ብለው አራት ቀን ሜዳ ላይ እንደ እህል ተሰጡ። ፊልሙ ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም በተራ አለፈ፤ የሾፌሩ አለ፣ የወጥ ቤቷ አለ፣ የፊውዝ የለም። ቢጠይቀው አዘጋጁ አንገቱን አከከ፦ «ለካ ፊውዝ ከማለት በቀር ስምህን አላውቀውም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ልጠይቅህ ደግሞ አፈርኩ።»

«ለመሃይም የተሳለ ነው» አለ ፊውዝ አሁን፣ ድርሰቱን ወደ ረዳቷ እየመለሰ።

«ማነው እንደዚያ ያለህ?» አለች ሚስትየው።

«ራሱ ነዋ! ሲስቅብኝ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ስቆ ይሆናል፣ ወጣት ነበር። ግን ቴሌቪዥን ጣቢያ ለነዚያ ዲፕሎማ ላላቸው ምን ሰጣቸው መሰለህ? ይሄንኑ ሥዕል! አንድም የገባው ሰው ጠፋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ‹እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ መብራቱ ነው፣ ቃሉ ኋላ ነው የሚመጣልኝ፤ ይሄን የሚያውቅልኝ ፊውዝ ብቻ ነው› እያለ ነዘነዘኝ። ያን የመሰለ ደሞዝ ጥሎ የወጣው ለምንድን ነው ታዲያ?»

ፊውዝ ወደ ሚስትየው ዞረ። «ታዲያ ለኔ አንዲት ቀን እንኳ አይነግረኝም?»

«እሱ? እኔንስ መቼ ፊት ለፊት አመስግኖኝ ያውቃል?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የመታሰቢያውን ነገር...»

«አንተ ቆየን እስቲ!» ፊውዝ ወንበሩን ጎትቶ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ለሰውዬው ይቅርታ ማድረግ አለማድረጉን ገና አላወቀም፤ ሥራው መሳቢያ ውስጥ እንደማይቀር ግን ቁርጥ አድርጓል። «አምጪው፣ አንቺ ልጅ። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ። ግማሽ ጨረቃ፦ ከግራ ሰማያዊ፣ የእናትየዋ ፊት እኩሌታ ብቻ እስኪታይ። የተጨፈነ ዓይን፦ ጨለማ ነው፤ ግን ድርግም አይልም፣ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው ቀስ እያለ። ገርበብ ያለ በር፦ ከቀኝ አንዲት ቀጭን ብርሃን፣ እግሯ ላይ ብቻ።»

«እናትየዋ ስትገባ!» አለች ረዳቷ እየጻፈች። «እኛ እኮ በሩን አይተን የመድረኩን ቤት ሊቀይር ነው ብለን ነበር፣ ጋሼ!»

አርባ ገጽ ያህል እንደሄዱ ሥራ አስኪያጁ ሲኒውን አስቀመጠ። «ቅዳሜ ተበላሽቶ ብታዋርዱኝ ግን...»

«ከተበላሸ እኔን ከመጋረጃው ጋር ስቀለኝ።»

ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጠርዙ ባዶ ሆነ። ቀጣዩም፣ የመጨረሻዎቹ ገጾችም ሁሉ ነጭ ነበሩ።

«ሆስፒታል የገባው እዚህ ደርሶ ነው» አለች ሚስትየው።

ያለ ሥዕል የቀረው፣ ልጆቿ ሁሉ ከሄዱ በኋላ እናትየዋ ብቻዋን የምትቀመጥበት ትዕይንት ነው። ረዳቷ ብዕሯን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «ምን ይሁን፣ ጋሼ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት «እንዲህ አድርግ» ሲባል የኖረ ሰው ነው፤ «ምን ይሁን?» ያለው ግን አልነበረም። ፊውዝ ባዶውን ገጽ ወደ ራሱ ሳበው።

«እርሳስ አለሽ?» አላት።

ከባድ መብራት ሲሸከም የኖረው እጁ እርሳሷን እንደ ምስማር ጨብጦ አንዲት መስኮት ሣለ። አንዱ ጎኗ ተንጋደደ። ረዳቷ ላጲሷን አቀበለችው።

ፊውዝ ላጲሱን በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ መለሰላትና ቀጣዩን ገጽ ገለጠ።