ሽንኩርት ቢወድቅ ይለቀማል

ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ።

ጋሽ ነጋሳ በኃይል አልወጉትም። ጫፉን ከፒክአፗ ኋላ፣ የጭነቱ በር ተከፍቶ ከሚወርድበት ማጠፊያ ሥር ባለው አግዳሚ ብረት ላይ አሳርፈው በመዳፋቸው ገፋ ማድረጋቸው ብቻ ነበር። ነጩ ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ። ሲነቅሉት ያደረ ሻይ የመሰለ ውኃ ተከትሎ ወጣ፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ እያለ፣ ቀጥሎ እንደ ክር ቀጥኖ።

«ዝናብ ከጠፋ ቆየ አይደል?» አሉ ጋሽ ነጋሳ ከተንበረከኩበት ሳይነሱ።

«ቆየ» አለ ደሊል።

«ታዲያ ይሄ የየት አገር ውኃ ነው?»

ጋሽ ነጋሳ ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ከመኪናዋ ሥር ገቡና አንድ ነገር በጥፍራቸው ፈልቅቀው ወረወሩለት። የታኘከ ማስቲካ የመሰለ ነጭ ሲሊኮን ነበር።

«ይሄን የደፈነው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። የመቂ አቧራ እየገባ የአማቼን የሙስዓብን ካሜራ አስቸገረው። ከሥር ያገኘኋትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንኩ።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

ጋሽ ነጋሳ እዚያው እንደተኙ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ማሎ ልጄ! የሠራት ሰው ረስቶ የተዋቸው መሰለህ? ውኃ የሚገባበትን እኮ አይደለም፣ የሚወጣበትን ነው የዘጋኸው። ዘጋኸው፤ ዛገ።»

ከሥር ወጥተው መዶሻቸውን ገልብጠው ያዙና በእጀታው ብረቱን ከዳር እስከ ዳር ማንኳኳት ጀመሩ። የመኪና አካል ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸውን ያምናሉ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የተበላ ብረት እንደ ሞላ ጆንያ ዱብ ይላል። በግራ በኩል ብረቱ ጮኸ። ከመሀል ጀምሮ እስከ ቀኙ ማጠፊያ ግን ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ አለ።

ፒክአፗ በደህና ጊዜዋ ከዝዋይ ሐይቅ አሳ በበረዶና በጨው ታመላልስ ነበር። ደሊል ሲገዛት ይህን፣ ጨው ብረት እንደሚበላም ያውቅ ነበር። ለሚስቱ ለፈውዚያ ግን «ሞተሯ አንደኛ ነው» ብቻ አላት፤ ፈውዚያም የሠርግ ወርቋን አውልቃ ሰጠችው። አሁን በሥራ ቀን ከመቂ ሽንኩርት ይጭንባታል፣ በሠርግ ቀን ደግሞ ለቪዲዮ ስቱዲዮ ያከራያታል። ያኔ ፒክአፗ ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ፊት ትሄዳለች። የፈውዚያ ታናሽ ወንድም ሙስዓብ በተከፈተው የኋላ በር ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጥና ካሜራውን ወደ ሙሽሮቹ ያዞራል። እንዳይወድቅ ወገቡን በቀበቶ ከቀኙ ማጠፊያ ጋር ያስራል። ቀበቶውን ገዝቶ የሰጠው ራሱ ደሊል ነው።

ነገ ሙሽራ ወደ አዳማ የምትመጣው ከቢሾፍቱ ነው። በፍጥነት መንገዱ ሰው ከኋላ አስቀምጦ መሄድ ስለማይቻል ሰልፉ በአሮጌው መንገድ፣ ሞጆን አቋርጦ፣ ከከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፋ ይመለሳል።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» ሲል ጠየቀ።

«የተበላው ተቆርጦ፣ አዲስ ብረት ተበይዶ ከሆነ ሳምንት ተዋት።»

«ነገ እፈልጋታለሁ።»

«ለምን?»

ደሊል እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሽንኩርት አለብኝ። ከመቂ።»

ጋሽ ነጋሳ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩት። «ሽቦ ወትፌ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ ቀለም ነፍቼ ዛሬውኑ ልሰጥህ እችላለሁ። ለዓይን ይሆናል። ለእግር አይሆንም። ሰው እንዳይወጣባት።»

«ሽንኩርት ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ሽንኩርትስ ግድ የለም» አሉ ሰውዬው ወደ ስቱኳቸው እየዞሩ። «ሽንኩርት ቢወድቅ ይለቀማል።»

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ሲረከብ የተነካ ቦታ ያላት አትመስልም ነበር። የአዳማ ፀሐይ ቀለሙን ፈጥኖ አድርቆት ነበር። ደሊል ጣቱን ቢያሳልፍበት ከአዲስ ሳህን የተለየ አልሆነበትም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት ቢያንስ ሽፍታ የመሰለ የዝገት ነጠብጣብ ይታይ እንደነበር አሰበ። አሁን አደጋው ምልክት የለውም። ከጋሽ ነጋሳ በቀር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በፍራንኮ ሰፈር በኩል ወደ ቤቱ ሲነዳ ሬዲዮውን አጠፋ። ባጃጆች በግራ በቀኝ ይጋፉታል፣ አንዱ መንገድ ስላልለቀቀለት «ሙሽራ ነህ እንዴ!» ብሎት አለፈ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ራሱን በስሌት ሊያረጋጋ ሞከረ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ከሙስዓብ ይከብዳል። ትናንት በዚያው በር ላይ ስንት ጆንያ ተጎትቶ ወርዷል፤ አልተሰበረም። ግን ጆንያ ቆማ ባለች መኪና ላይ ነው የሚጎተተው። ሙስዓብ መኪናዋ እየሄደች፣ እየነጠረች፣ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ነው የሚቀመጥባት። ደግሞስ ትናንት አለመሰበሩ ምን ማስረጃ ነው? አንድ ነገር እስኪሰበር ድረስ አልተሰበረም።

ከዚያ ቀበቶው ትዝ አለው። ማጠፊያው ቢገነጠል ሙስዓብ ከብረቱ ጋር እንደታሰረ ነው የሚወርደው። ከኋላው ደግሞ የሙሽሮቹ መኪና ነው ያለው።

ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ማሻአላህ!» አለች ፈውዚያ የግቢውን በር ከፍታ። «ሙስዬ፣ ና እያት! የነገዋ ሙሽራ እሷ ናት እንዴ?»

ሙስዓብ የካሜራ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ከቤት ወጣ። ፒክአፗን ዞሯት። «አቦ ደሊል! ፏ አደረግካት እኮ! ስቱዲዮዎቹ ነገ ይቺን ካዩ ሌላ መኪና አይጠሩም፣ ወላሂ!»

የኋላውን በር ከፈተና ዘሎ ወጣበት።

ዱብ።

«አትዝለል!» የደሊል ድምፅ ካሰበው በላይ ጮኾ ወጣ።

«ምነው? ቀለሟ አልደረቀም?»

«አዎ። አልደረቀም።»

ይኼኛው ውሸት ከጠዋቱ ይልቅ ቀለለው። ደሊልን ያስፈራው መቅለሉ ነበር።

«ስማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ነገ ከጋቢናዋ ጀርባ ቆመህ ብታነሳስ?»

«ከዚያ ሆኜ ምኑን ላነሳ? የራሴን ጫማ?» ሙስዓብ ሳቀ። «የሙሽራዋ ፊት ከቅርብ ካልታየ ምኑን ሠርግ ሆነ? እናቷ ራሷ ናት የምትገድለኝ።»

«ተወው ባክህ» አለች ፈውዚያ። «ቀበቶ አለው አይደል?»

«ቀበቶማ አለኝ! ያውም የአማቼ ስጦታ።» ሙስዓብ ቀበቶውን ከቦርሳው አውጥቶ አንዱን ጫፍ በወገቡ፣ ሌላውን በቀኙ ማጠፊያ አሰረ። በሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠለጠለና እህቱን ለማሳቅ ሁለት እጁን ለቆ ሰውነቱን ወደ ፊት ጣለ። ቀበቶው ተወጥሮ ያዘው። «አየሽ? መኪናዋ ካልወደቀች እኔ አልወድቅም!»

ፈውዚያ አጨበጨበች።

ደሊል የሚያየው ማጠፊያውን ነበር። ከሥሩ፣ በአዲሱ ነጭ ቀለም ላይ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጣች። ሙስዓብ ሲወዛወዝ ትከፈታለች፤ ሲያርፍ ትገጥማለች። ተከፈተች። ገጠመች። ሌላ ሰው አላያትም። ነገም ማንም አያያትም፤ ሁሉም ሰው ሙሽሮቹን ነው የሚያየው።

እውነቱን ከተናገረ ስቱዲዮው ዛሬውኑ ሌላ መኪና ይፈልጋል፤ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይመጣም። ፈውዚያም ባዶ ክንዷን ታያለች፣ ከዚያ እሱን ታያለች። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ሲፈራው ውሏል። ስንጥቋ እንደገና ተከፈተች።

የጋቢናውን በር ከፍቶ ከወንበሩ ሥር የራሱን ካቻቢቴ አወጣ።

«ሙስዓብ፣ ፍታና ውረድ።»

«ቆይ፣ አንዴ ደግሜ...»

«ውረድ አልኩህ!»

ሙስዓብ የደሊልን ፊት አየ። ቀበቶውን ፈቶ ወረደ። ደሊል ተንበረከከ፤ ጫፉን ስንጥቋ ላይ አሳርፎ የካቻቢቴውን ቂጥ በመዳፉ መታው።

«ኧረ ቀለሙን!» ፈውዚያ ጮኸች።

ስቱኮው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረካከሰ። ደሊል ካቻቢቴውን ሲያዞረው ቡናማ ቅርፊት ከነሽቦው እየተላጠ ሲሚንቶው ላይ ረገፈ። አውራ ጣቱ የሚገባበት ቀዳዳ ተከፈተ፤ በቀዳዳው አሻግሮ መሬቱ ይታያል።

ሙስዓብ በእጁ የያዘውን ቀበቶ አየ፤ ቀዳዳውን አየ።

«ይሄን ታውቅ ነበር?» አለች ፈውዚያ።

«ከጠዋት ጀምሮ። ጋሽ ነጋሳ ሰው እንዳይወጣባት ብለውኝ ነበር። ሽንኩርት ነው የምጭነው አልኳቸው።»

«ስለዚህ እኔ ሽንኩርት ነኝ?» አለ ሙስዓብ። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ፈውዚያ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ወደ ፒክአፗ ቀረበች፤ ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራበትን፣ ገና ያልተነካውን ቦታ ዓይኗ ተከተለው። «ሌላውስ?» አለች በቀስታ። «ሌላው ቦታ ደህና ነው?»

ደሊል «ደህና ነው» ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«እኔ ደህና ነው ብልሽ እንዳታምኚኝ» አለና እጀታውን ወደ እሷ አዙሮ ካቻቢቴውን ዘረጋላት። «ከዚህ ወዲያ ያለውን አንቺ ውጊው።»