እጅ ያመሰገነው ስፍራ

«አጥፋው ጋሼ! ማሽኑን አጥፋው!»

መስታወት አልሰማም። የመወልወያው ማሽን በሁለት እጆቹ መካከል እንደ ተቆጣ የንብ መንጋ ይጮኻል፤ የበግ ጠጉር የለበሰው ክብ ሰሌዳ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ እየተሽከረከረ ነጭ ትቢያ ይተፋል። ጩኸቱ በድንገት ጸጥ ሲል ቀና ብሎ ቢመለከት፣ አማቹ ከሶኬቱ የነቀለውን ገመድ ይዞ ቆሟል።

«ሰው ሲሠራ ገመድ ይነቀላል? ቤት ተቃጠለ እንዴ?»

«ቤትስ አልተቃጠለም፤ ጀልባዋን ግን ፈጅተሃታል። ይኸውልህ፣ እየው።»

መስታወት ጎንበስ አለ። በጣት የተጠቆመለትን ስፍራ እንደሚያጠና ሰው ግንባሩን ቋጠረ፤ ራሱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበለ። ያየው ነጭ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ። መዳፉን ቢያሳርፍበት እንደ ታጠበ ብርጭቆ ለስላሳ ሆኖ አገኘው። «ምኑ ነው?» የምትለው ጥያቄ ከምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ መልሶ ዋጣት።

«ትቢያ ነው» አለ በምትኳ፤ ቦታውንም በጨርቅ ጠረገው።

«ትቢያ አረንጓዴ አይሆንም፣ ጋሼ።»

ይህ ሰው መስታወት የተባለው በዋዛ አይደለም። በዚህ የጀልባ መጠገኛ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ፀሐይና ውሃ ያገረጧቸውን የፋይበርግላስ ጀልባዎች መልካቸውን ሲመልስላቸው ኖሯል። አንድ ዓሣ አስጋሪ ጀልባውን ሊረከብ መጥቶ፣ በጎኗ ላይ ፊቱን አይቶ ጢሙን እንዳበጠረ ይነገራል። ቅጽል ስሙ ከዚያ ቀን ወዲህ ተጣበቀበት፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሠራተኞች መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ጀልባዋ ከላይ የለበሰችው ነጭ ልባስ በፀሐይ ብዛት ኦክሳይድ ሲይዘው እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል፤ የነካውን እጅ ያነጣል። ያን የሞተ ሽፋን በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ቀጥሎ በቅባት መወልወል፣ በመጨረሻም በሰም መዝጋት ነው። ይሁን እንጂ ልባሱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይወፍርም። ከሞተው ሥር ያለውን ሕያው ነጭ አልፎ የፋቀ፣ ከበታቹ የተነጠፈውን የፋይበር ድር ያጋልጣል፤ ውሃም በዚያ በኩል ይገባል። ደግነቱ ልባስ ሳያስጠነቅቅ አይሄድም። አስቀድሞ ውሃ እንደ ተቀላቀለበት ወተት ይሳሳል፤ ከዚያ የድሩ አረንጓዴ ጥላ ከሥር ብቅ ማለት ይጀምራል። የወልዋይ ሙያ ተጠቅልሎ ሲታይ፣ ያቺን ጥላ ገና ስትጠነሰስ አይቶ እጅን ማንሳት ነው።

መስታወት ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጥላዋን አያያትም።

በመጀመሪያ ግራ ዓይኑን ጉም ሸፈነው፤ ቆይቶ ቀኙንም ጨመረ። ይህን ያወቀች ሚስቱ ብቻ ናት፤ እርሷም ያወቀችው የሚቀዳው ሻይ ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛውን ሲያጠጣ አይታ ነው። «ሐኪም ዘንድ ሂድ እንጂ!» ብትለው፣ «ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ምን ሊል ነው?» ብሎ አፏን አስያዛት። የፈራው ሐኪሙን አልነበረም። ዓይኑ መድከሙ የተወራ ዕለት ማሽኑን ከእጁ ወስደው የዘበኛ ወንበር እንደሚሰጡት ያውቃል። ወንበሯን በርቀት ያያታል፤ እርሷን ለማየት እንኳ ዓይኑ አላነሰውም።

ስለዚህ ዓይኑን በእጁ ተካ። ሲሻክር ይወለውላል፤ ሲለሰልስ ያቆማል። በዚህ ዘዴ አሥር ወር ሠርቶ ሰባት ጀልባ አስረክቧል፤ የነቀፈው የለም። አንድ ነገር ግን አልገባውም ነበር፤ ወይም እንዳይገባው ፈልጓል። ልባስ ሊበሳ ሲቃረብ ይብስ ይለሰልሳል እንጂ አይሻክርም። ዓይን «ተው» በሚልበት ስፍራ ላይ እጅ «ጎበዝ» ይላል።

አማቹ ገመዱን ጥሎ ተጠጋው። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የተሰነጠቀ ጀልባ መድፈን ሙያው፣ መቀለድ ደግሞ ጠባዩ ነው።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ ጋሼ፤ ታያለህ?»

«አንተን አየሁህ አይደለም እንዴ?»

«እኔን ማየት ምን ሙያ ይጠይቃል? ሆዴ ለብቻው ጀልባ ያህላል።» ይህን ሲል ራሱ አልሳቀም። አንድ ጣቱን በጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሳረፈ። «እሺ፤ የሳሳው ከጣቴ በላይ ነው በታች?»

መስታወት አመነታ። «በላይ።»

«ዙሪያውን ነው ጋሼ። መዳፍ ያህላል፤ ጣቴ መካከሉ ላይ ናት።»

መስታወት ማሽኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከወዲያኛው መጋዘን የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ሌላ ማን አየ?» አለ መስታወት።

«እኔ ብቻ። እኔ ደግሞ እህቴን ማስቀየም አልወድም፤ በዓመት በዓል ሥጋውን የምታካፍለው እርሷ ናት።» አማቹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት መንገድ አለልህ። አንደኛው፣ ዙሪያውን ፍቄ አዲስ ልባስ ደርቤ እንዲደርቅ አራት ቀን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፣ ነጭ ቀለም በሰም ለውሼ አሁኑኑ መቀባት ነው፤ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያምራል። ከርሞ ውሃ ይገባና ፋይበሩ ያብጣል። ያን ጊዜ ‹ጀልባዋ አርጅታለች› ይባላል እንጂ ‹መስታወት በሳት› የሚል አይገኝም።»

«አራት ቀን ካልን ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን ይጠይቃል።»

«መጠየቁስ አይቀርም። ምን ልትለው ነው?»

አማቹ አንድ የቆርቆሮ ክዳን አንሥቶ ሰሙን ከነጭ ቀለም ጋር በእንጨት መለወስ ጀመረ። መስታወት አልከለከለውም፤ አልፈቀደለትምም።

ባለ ጀልባዋ ከቀጠሮዋ ቀድማ የደረሰችው በዚህ መካከል ነው። የተማሪ ቤት ልጆችን ከዚህ ዳር ወደ ማዶ የምታመላልስ፣ ወገቧን በሻርፕ ያጠበቀች፣ ጮክ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«አባቴ! ይቺ የእኔዋ ናት? ወይስ የሰው ጀልባ አሳይታችሁ ልታስጎመጁኝ ነው?»

«የራስሽ ናት» አላት መስታወት።

ዙሪያዋን ዞረቻት። ከኋላ ጀምራ በጎኗ እያለፈች እጇን አሻሸችባት፤ አፍንጫዋ ጋ ስትደርስ ቆመች። አማቹን ድንገት ሳል ያዘው፤ ከሳሉ የተነሣ መስታወት እጇ የት እንዳረፈ ተረዳ።

«እንዴት ትለሰልሳለች! በተለይ እዚህ ጋ! እጅዎ ይባረክ። ወላጆቹ ‹አመድ የመሰለች ጀልባ ላይ ልጃችንን አናሳፍርም› እያሉ ፊት ነስተውኝ ነበር፤ አሁን ይምጡና ይዩ። ነገ የጀልባ መርማሪው ካሳለፈልኝ ሰኞ እጭናቸዋለሁ።»

አማቹ ክዳኑን ከጀርባው ደብቆ ይጠባበቃል። መስታወት አንድ ጊዜ ራሱን ቢነቀንቅለት ይበቃው ነበር።

ሴትዮዋ ነቅፋው ቢሆን ተከራክሮ ይረታት ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ነቃፊ ሲረታ ኖሯል። ምስጋናዋን የሚረታበት ክርክር ግን አጣ። እጇ ልክ እንደ እርሱ እጅ ተታሎ ነበር።

«ልጄ፣ እጅሽን አታንሺ» አላት። «ከሥሩ ያለው ልባስ ተበልቷል። የበላሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ መዳፏን ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። «ይሄ አረንጓዴው?»

«እርሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ሳይሆን አይቀርም? እርስዎ አያዩትም?»

«አላየውም።»

«ታዲያ እስከ አሁን በምን ሲሠሩ ኖረዋል?»

«በእጄ።»

«ወይ ጉድ! ወይ የእኔ ጉድ!» ሻርፗን ፈትታ መልሳ አጠበቀች። «የሠላሳ ሁለት ልጆች እናቶች ይጠብቁኛል፤ ምን ልበላቸው? ሰው ሁሉ ‹ለመስታወት ዓይንሽን ጨፍነሽ ስጪው› ሲለኝ አምኜ!»

አማቹ «ሁለታችሁም ጨፍናችኋላ» ሊል አፉን ከፍቶ፣ የሴትዮዋን ፊት አይቶ ዘጋው። «በአራት ቀን ትደርቃለች» አለ በምትኩ። «ድፍኑን ራሴ እሠራዋለሁ፤ ለዚህ ሥራ አንቺን ገንዘብ የሚጠይቅሽ የለም።»

«መርማሪውንስ?»

«እርሱን እንግዲህ በአንደበትሽ ማቆየት ነው። አንደበትሽ ደግሞ የሚታማ አይደለም።»

ሴትዮዋ መስታወትን ትክ ብላ ታየው ነበር።

«ባይነግሩኝ ኖሮ አላውቅም ነበር እኮ።»

«አታውቂም ነበር።»

«የተበላው ይኸው ብቻ ነው? ሌላስ የለም?»

የተጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው። «የለም» ቢል ያመኑታል፤ አንዱ ሲጠገን ነገሩ በአንድ ስሕተት ያልቃል፤ ለአንድ ስሕተት ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለን ሰው ከሥራው የሚያነሣው የለም። መስታወት ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ የተዘረጋችውን ነጭ ነገር ተመለከተ፤ አንዳች አልነገረችውም። ከአማቹ የደረት ኪስ ውስጥ ወፍራሙን ማርከር መዝዞ ክዳኑን ከፈተና መልሶ በእጁ አስያዘው።

«ከዚህ ጀምረህ ዙሪያዋን ሂድ። ያየኸውን ሁሉ ክበብ።»

«ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጁ ምሳውን በልቶ ሲመለስ በዚሁ በኩል ነው የሚያልፈው።»

«ይለፍ።»

ማርከሩ በተወለወለው ልባስ ላይ ሲሄድ ይንጫጫል። አማቹ አንደኛውን ክብ በአፍንጫዋ ላይ ጨረሰ። ከዚያ ስድስት እርምጃ ዝም ብሎ ተራመደ፤ መስታወት እርምጃውን ቆጥሮለታል። በሰባተኛው ላይ ማርከሩ እንደ ገና ተንጫጫ። ሴትዮዋ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች ታያለች። ሦስተኛው ከጎኗ ወገብ ላይ ሆነ። በስተ ጅራቷ ሲደርስ አማቹ እጁን አንሥቶ ቆመ፤ ፊቱን ወደ መስታወት መለሰ።

«ይኼኛው እንኳ ያጠራጥራል ጋሼ። የራሴ ጥላም ሊሆን ይችላል፤ ልተወው?»

«ያጠራጠረህንም ክበበው» አለ መስታወት።